ቤት መምታት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሻንጣዬ ዚፕ እስከ ጫፉ ተዘግቶ አያውቅም፤
እንደ ተኛ ውሻ አንድ ዓይኑን ገልጦ
ከአልጋዬ ሥር ያደምጠኝ ነበር።

ጅዳ ላይ የተኛሁት ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤
ሌሊት ሲሽከረከር ግድግዳው ይርዳል፣
የሰው ካልሲ፣ የሰው የትራስ ልብስ
በክብ መስኮቱ እያለፈ ሲያየኝ ያድራል።
ሳልሚያ ላይ ከደረጃ ሥር። ቀና ስል ራሴን እመታለሁ፤
ጎንበስ ብሎ መነሣትን እዚያ ተማርሁ፣
እስከ ዛሬ በሰፊ በር ሳልፍ አንገቴን እሰብራለሁ።
ዶሃ ላይ በር ነበረኝ፤ መቀርቀሪያው ግን በውጭ በኩል።

ስሜም እንዲሁ። በአንዱ ቤት ሜሪ፣
በሌላው ናዲያ፤ ሦስተኛው ቤት የቀድሞዋን ሠራተኛ ስም
ከነሽርጧ አወረሰኝ።
«ይመኙሻል» ለአፋቸው ረዘመ።
እናቴም ስታወጣው፣ ማን እንደሚመኘኝ አልነገረችኝም።

አባቴ የግመል ደላላ ነበር፣ ባቲ ገበያ፤
ሰኞ ሰኞ ሰው እያገናኘ
ራሱ ከማንም ሳይገናኝ አረጀ።
«ግመል ገመዷን ስትፈታላት ዝም ብላ ትቆማለች» ይል ነበር፣
«መሄድ የለመደ፣ የሚጠፋበት መቆሚያው ነው።»

እኔም ሙሐረቅ ላይ እንደዚያው ቆምሁ።
ውሌ አለቀ፤ ወረቀቴ እጄ ገባ፤ ማንም አልጠራኝም።
የአባያ ጠርዝ እየሰፋሁ፣ በቁራጭ ሁለት መቶ ፊልስ፣
ከኡም ጃሲም ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፦
ጨው የሚያረግፍ የባሕር ድንጋይ ግንብ፣
ጣሪያው ላይ በየአሥር ደቂቃው አውሮፕላን።
ባለፈ ቁጥር እግሬ ጫማ ይፈልግ ነበር።

ቁልፍ ቀራጩ ባቡ፣ የኬረላው ሰው፣
«ስንት ላውጣልሽ?» አለኝ።
ስንት? ያለኝ ሰው አንድ ነው፤ እሱም እኔ።
«ሁለት» አልሁ ደፍሬ፣ «አንዱ ለሚጠፋ።»
የሚጠፋ ነገር ሊኖረኝ ነው ብዬ
መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወር ሙሉ ግን ልብሴ ከሻንጣ ነው የሚወጣው።
አንድ ዓርብ ኡም ጃሲም ገብታ ዙሪያውን አየች፤
«ይህ ክፍል ነው ወይስ መጋዘን?»
የሟች ባሏን መዶሻ አመጣች፣ የጀልባ አናጢውን፣
ሚስማሩን በጥርሷ ይዛ።
«ምቺ።»
«የሰው ግድግዳ?»
«ምቺ! ግድግዳ ካልቆሰለ ባለቤቱን አያውቅም።»

    አንዱን ምት ሳትሁና ጣቴን ቀጠቀጥሁ፣
    በሦስተኛው ገባ፤ ልብሴን አንጠለጠልሁ።
    ሻንጣው ከአልጋ ሥር ያን ዓይኑን ከደነ፣
    አንድ ቀሚስ ሰቅዬ ግድግዳው ሰው ሆነ።
    ገጠመኝ በዛና ግጥም ጠፍቶኝ ነበር፣
    ቤት ሳይመታ ኖሮ ዕድሜዬ ሲቆጠር፤
    ሚስማር ስመታበት ቤት መታልኝ ዛሬ፣
    ቁልፌም እንደ ስንኝ ገጠመ ከበሬ።

ሁልጊዜ አይገጥምም።
ነሐሴ ሲመጣ ማቀዝቀዣው ይሞታል፣ ኪራይ ይዘገያል፣
ኡም ጃሲም ከሰገነቷ ትጮኽብኛለች፦ «ያ ይመንሻል!»
ፊደሉን እየሰበረች።
ተሰብሮም የእኔ ነው። አቤት እላለሁ።

ትናንት ማታ፣ ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ አንዲት ልጅ፤
የሻንጣዋ አንድ ጎማ ወልቋል።
በዐረብኛ ጀመረች፣ ፊቴን አየችና በአማርኛ ጨረሰችው፦
«የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ... ቁጥሩ ጠፋብኝ።
የዚህ ሰፈር ሰው ነሽ?»

እጄ ከአፌ ቀድሞ ተነሣ፦
«ሐልዋ ሻጩን እለፊ። ጀልባ የተሣለበት ሰማያዊ በር ጋ
ወደ ግራ። ድመቶች የሚተኙበት ስብርባሪ ደረጃ አለ፤
ከዚያ ሦስተኛው።»
ተናግሬ ስጨርስ ነው የደነገጥሁት፤
ያመለከትኋት ወደ ራሴ በር ነበር።

ለሚጠፋ ብዬ ያስቀረጽሁት ሁለተኛው ቁልፍ
ኪሴ ውስጥ ከአንደኛው ጋር ተጋጭቶ ጮኸ።
በላያችን አውሮፕላን አለፈ፤
እሷ ቀና አለች።